«ጀፎሮው የታል?»፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ የፕላን ሥራ ማስታወሻ

የከተማዋን ስም አልጠራም። አሁንም እዚያው እየሠራሁ ነው፣ እንጀራዬም ነው። ጉራጌ ዞን ውስጥ ያለች፣ ወደ 11 ሺህ ሰው የሚኖርባት፣ አንድ አስፓልት መሃሏን ሰንጥቆ የሚያልፍ ከተማ ናት። እኔ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የፕላን ባለሙያ ነኝ። ሰዉ «ኢንጂነር» ይለኛል። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ማረም ግን ከተውኩ ቆየሁ።

የድሮው ፕላን ጊዜው አልፏል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት የቱ ለምን እንደሚውል የሚያሳየው ዋናው ፕላን፣ በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት። ረቂቁን ያዘጋጀልን ከሌላ ከተማ የመጣ አማካሪ ነው። የኔ ሥራ ደግሞ «ሕዝቡን ማወያየት» ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ሳምንት ነው የተሰጠኝ። እንዴት ስድስት ወር እንደሆነ ከታች አለ።

መስከረም 6

የመጀመሪያው ስብሰባ። 220 ሰው በደብዳቤ ጠርተን 64 መጣ። ከነሱ ውስጥ ሴቶቹ 9 ናቸው። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ተኩል ላይ ተጀመረ። የመክፈቻ ንግግሩ ብቻ 50 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ እኔ 38 ስላይድ ይዤ ተነሳሁ። አስራ ሁለተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ባይጠፋም ለውጥ አልነበረውም፤ «ቅይጥ የመሬት አጠቃቀም» የሚል ነገር ለሰው እያነበብኩ ነበር።

መድረኩ ሲከፈት 17 ሰው ተናገረ። 11ዱ ስለ ውሃ። 4ቱ ስለ ትራንስፎርመር። አንዱ የልጁ የቤት ካርታ ለምን እንደዘገየ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ተነስተው «ጥሩ ነው፣ ጀምሩት» ብለው ተቀመጡ። ስለ ፕላኑ የተባለው ይህ ብቻ ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሰብሳቢው ረቂቁን በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁሌም እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ እጄ ለምዶታል።

ስንወጣ በር ላይ ሦስት ሰው አበል ጠየቀኝ። የለም አልኳቸው። «እንግዲያው ለምን አስፈረማችሁን?» አለኝ አንዱ። ጥያቄው ልክ ነው። ፊርማውን ለራሳችን ነው የሰበሰብነው፤ «አወያይተናል» ለማለት።

መስከረም 20

የመስቀል ሰሞን ነው። ይህን አገር የማያውቅ ሰው ይህን ሳምንት ማየት አለበት። አዲስ አበባ ያለው፣ ክልል ያለው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ሁሉ ይመጣል። ከተማዋ በአንድ ሳምንት እጥፍ ትሆናለች፤ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል፣ ክትፎው፣ አይቤው፣ ጎመኑ፣ ቆጮው በየቤቱ ነው። እኔም ለአራት ቀን ምሳ አልገዛሁም።

አጋጣሚውን ልጠቀም ብዬ ከአዲስ አበባ የመጡትን በየተጋበዝኩበት ቤት ጠየቅኳቸው። እነሱ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም፣ ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት። ባለ አራት ፎቅ ሆቴል። ሰፊ አደባባይ፣ መሃሉ ላይ ሐውልት። ባለ ሁለት መስመር አስፓልት። አንዱ በስልኩ የዱባይን ፎቶ አሳየኝ። ደግሞ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፤ ገንዘብ ያወጣሉ። የጉራጌ ሰው በመዋጮ መንገድ የመሥራት ልማዱ የቆየ ነው። በ1950ዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ከከተማ ነጋዴውም ከገጠሩም ገንዘብ አሰባስበው መንገድ ያስቆረጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ስለዚህ «እናዋጣለን» ሲሉ ማመን ጥሩ ነው።

ግን በዓሉ አልቆ ሲሄዱ ማን ይቀራል? ይህን በጥር እመለስበታለሁ።

ጥቅምት 2

ዛሬ ገበያ ወጣሁ። ካርታውን ይዤ።

በ1 ለ2000 መለኪያ፣ ትልቁ ኤ ዜሮ ወረቀት ላይ አሳተምኩት። አንድ ሳንቲ ሜትር 20 ሜትር ማለት ነው፤ ወረቀቱ ሙሉ ከተማዋን ይይዛል ማለት ይቻላል። ከኋላው የሳተላይት ፎቶ፣ ከላዩ የረቂቁ ቀለም፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ቆም ብሎ ያይና ያልፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም አላለኝም።

ከዚያ ቀያሹ መጣና «መሬት ላይ አውርጂው» አለኝ። አወረድነው። ወረቀቱን አዞርነው፣ ካርታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወደ እውነተኛው ቤተ ክርስቲያን እንዲዞር፣ መስጊዱም ወደ መስጊዱ። ጥግ ጥጉን በድንጋይ ያዝነው። በቃ! አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ቁጢጥ አለችና «ይሄ አስፓልቱ ነው፣ ይሄ ወፍጮ ቤቱ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ብላ ጣቷን አሳረፈች። ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሰዉን ማራቅ አቃተን። ባቄላና በቆሎ አድለን «ቤታችሁ ያለበት ባቄላ፣ የሚያስቸግራችሁ ቦታ ላይ በቆሎ» አልን። ዶሮ መጥታ ሦስት በቆሎ በላች፣ ከሥራው ቁም ነገር ጋር አብሮ ይመዝገብ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ አንድ አባት፣ ከሰባ ያለፉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ካርታውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ቀና ብለው «ልጄ፣ ጀፎሮው የታል?» አሉኝ።

ፈለግኩት። የለም።

ጥቅምት 3

ለማያውቅ ሰው፦ ጀፎሮ የጉራጌ መንደር ሰፊው የሣር ጎዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፣ እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ይሆናል፣ መሃሉ ደግሞ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ሣር ነው። ሠርጉ እዚያ፣ ለቅሶው እዚያ፣ ሽምግልናው እዚያ፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት እዚያ፣ ጥጃው የሚግጠው እዚያ። መንገድም ነው፣ አደባባይም ነው። ማንም ገፍቶ እንዳያጥረው የሚጠብቀው የሽማግሌዎች ሕግ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ከመምጣቱ በፊት የነበረ።

ከተማዋ ስታድግ አንዱን ጀፎሮ ከነመንደሩ ውጣዋለች። አማካሪው የሳተላይት ፎቶ ላይ ረጅም ባዶ አረንጓዴ አየና «ያልለማ መሬት» ብሎ ፈረጀው። መሃሉን 15 ሜትር መንገድ አስምሮ ዳርና ዳሩን 96 ቦታዎች አደረገው፤ እያንዳንዱ 10 በ20። ቢጫ።

አማካሪውን ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር። ከዚያ የራሴን የፍተሻ ቅጽ አየሁት። «ታይቷል» ብዬ ፈርሜበታለሁ። እዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ያን ሣር ቢያንስ መቶ ጊዜ አቋርጬ ምሳ በልቻለሁ። ወረቀት ላይ ሳየው ግን አላወቅኩትም።

ጥቅምት 19

ጀፎሮውን በእግር ሄድንበት። ቀያሹ፣ እኔ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለት እናቶች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ከኋላ ደግሞ ያልተጋበዙ ወደ ሃያ ልጆች።

ርዝመቱ 1.3 ኪሎ ሜትር ወጣ። ስፋቱ ከላይ በኩል 42 ሜትር፣ ከታች 27። «ከታች ለምን ጠበበ?» አልኩ። ሁሉም ዝም። የባጃጁ ልጅ ሳቀ። በኋላ ገባኝ፤ የታችኛው በኩል አጥር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይራመዳል። ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ሲያድግ አጥሩ ከዛፉ ወዲህ ይመጣል። ከተራመዱት አጥሮች አንዱ የገበያው አባት ናቸው፤ «ጀፎሮው የታል?» ያሉኝ። እሳቸውን አላሳፈርኳቸውም። እሳቸውም አላፈሩም። «የኔ ሦስት ሜትር ነው፣ የናንተ ግን ሙሉውን ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላ ያየነው ነገር ውሃ ነው፤ ለኔ ከሁሉም ይህ ይበልጣል። ዳገቱ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በሙሉ የሚወርደው ወደዚህ ነው። ከላይ ሣሩ ይጠጣዋል፣ ያቀዘቅዘዋል። ከታች በኩል ግን ከጥቂት ዓመት በፊት ቀይ አሸዋ ፈሶ ተደልድሏል፣ እዚያ ላይ ጎርፉ ወገብ የሚደርስ ቦይ ቆፍሯል። ሁለት ቤት አጥራቸው ተንጠልጥሏል። አማካሪው በሣሩ ላይ ያሰመረው መንገድ ኮብልስቶን ቢለብስ ውሃው የት እንደሚሄድ አልተጠየቀም። አንዷ እናት ግን ያውቃሉ። «የኔ ማድ ቤት ነዋ የሚገባው» አሉ።

ኅዳር 6

የእድር ቀን። አዳራሽ መጥራት ትቻለሁ፤ ሰው በተሰበሰበበት መሄድ ይሻላል። ዳኛውን አስቀድሜ አነጋገርኳቸው፣ «20 ደቂቃ፣ ከመዋጮው በኋላ፣ ፕሮጀክተር የለም» አሉኝ። ተስማማሁ።

እድሩ 310 አባወራና እማወራ አለው፣ የመጣው ከ200 በላይ ነው። ካልመጣ ይቀጣል። ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ሥልጣን ቢኖረው!

የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድንኳን የት ትጥላላችሁ? ነገሩ ከፕላን የራቀ ይመስላል። ግን ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ የሚመጣው ሰው። አዲሱ ሰፈር ውስጥ መንገዱ 6 ሜትር ነው። ድንኳኑ ሲጣል መንገዱ ይዘጋል፣ ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ የያዘ ባጃጅ ማለፍ አቅቶት በሌላ ዞሯል። ጀፎሮው ዳር ያሉት ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ከዚያ አንዱ ተነስቶ «አዲሱ ሰፈርም የራሱ ጀፎሮ ይሠራለት» አለ። ጭብጨባ ሆነ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማስበው ያለውን ስለማዳን ነበር። አዲስ መሥራት አልታሰበኝም።

ማስታወሻ ለራሴ፦ እድር ቤት ተከራዮች የሉም። ብዙዎቹ አባል አይደሉም። እድሩን ሰምቼ «ነዋሪውን ሰማሁ» እንዳልል።

ኅዳር 24

ቦኖ ላይ። ውሃ ሲመጣ ወረፋው ሁለት ሰዓት ነው፣ ከዚያ የተሻለ የስብሰባ ጊዜ የለም። እኔም 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ተሰለፍኩ። ባዶ እጄን ብመጣ ቆጣሪ ነው የምመስለው።

«በ10 ዓመት ውስጥ ከተማችሁ ምን እንድትሆን ትፈልጋላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኩት። አንዷ «እግዜር ያውቃል» አለች፣ ሌላዋ «አንቺ ነሽ የተማርሽው» አለች። ትክክል ናቸው። 10 ዓመት የማንም ጊዜ አይደለም፣ የቢሮ ጊዜ ነው።

አንዲት እናት ግን ስለ እንሰታቸው ሲያወሩ መንገዱን አሳዩኝ። እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ችግኙ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ያድጋል። ስለዚህ እዚህ አገር የረጅም ጊዜ ዕቅድ ያላት እሷ ናት፤ ጓሮዋ ውስጥ የዘንድሮም፣ የዛሬ ሦስት ዓመትም፣ የዛሬ ስድስት ዓመትም ምግብ ቆሞ ይታያል። ጥያቄዬን ቀየርኩት። «እትዬ፣ ዘንድሮ የሚተክሉት እንሰት ሲደርስ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚተክሉትም ሲደርስ፣ ልጆችዎ የት ይሆናሉ?»

ኦ! ማን ያስቁማቸው። ትልቁ አዲስ አበባ ነው፣ አይመለስም፣ ቢመለስም ለመስቀል ነው። ትንሿ እዚሁ ትቀራለች፣ ቤት ትፈልጋለች፣ ግን 10 በ20 ቦታ ላይ ቤት ከተሠራ እንሰቱ የት ይተከላል? ገዝታ ትብላ ነው? ሌላዋ ደግሞ እንሰት መፋቂያ ቦታ አነሳች። ሦስተኛዋ ማታ ማታ ጀፎሮው ጨለማ ነው፣ ሴት ልጅ ከማታ ትምህርት ስትመለስ እናቷ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቃት አለች። ይህን ከሽማግሌዎቹ አንዱም አልነገረኝም። እነሱ ጀፎሮውን ቀን ነው የሚያውቁት።

አንዲት ልጅ፣ ከሆሳዕና አካባቢ መጥታ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። «ጀፎሮ ጀፎሮ ትላላችሁ» አለችኝ ለብቻዬ። «ጀፎሮ ቤት ላለው ነው። እኔ አራት ሆነን በአንድ ክፍል ነው የምንኖረው፣ ኪራዩ በስድስት ወር ሁለቴ ጨመረ። ፕላናችሁ ውስጥ የኪራይ ቤት አለ?»

የለም። ቢጫው ሁሉ የባለቤት መኖሪያ ነው። ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 11

የዳር ገበሬዎች። ረቂቁ የከተማውን ወሰን ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል። እዚያ 40 ገደማ ቤተሰብ አለ። ገና ሳንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። መንገድ ዳር ትናንት የተተከለ የባሕር ዛፍ ችግኝ፣ ጣሪያ የሌለው የጭቃ ቤት። ካሳ ለማሳደግ ነው። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እተክል ነበር።

ማንም አልጮኸም። የሚያስፈራው እሱ ነው። አንድ ጎልማሳ «ፕላን ሲመጣ መሬት ይሄዳል፣ አባቴ ነግሮኛል» አለ። ከዚያ ስለ ካሳ ጠየቁ። የማውቀውን ነገርኳቸው፦ በ1997ቱ አዋጅ ቋሚ ተነሺ፣ ማለትም መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ፣ ገበሬ የዓመት ገቢው በ10 ይባዛ ነበር፤ በ2011ዱ አዋጅ፣ ቁጥር 1161 ማለት ነው፣ በ15 ይባዛል፣ የሚወሰደውም ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ነው። አንዱ በጣቱ መሬት ላይ አሰላ። ሲጨርስ «15 ዓመት» አለ። «ልጄ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። 18 ሲሆን ምን ይበላል?»

«አትነሱም» የሚል ቃል እንድሰጣቸው ፈለጉ። አልሰጠሁም። መስጠት አልችልም፣ የሰጠም ባለሥልጣን ከዚህ በፊት አይተዋል። ያልኩት፣ ወሰኑ መገፋት ያለበት መሆኑ ራሱ ገና ያልተረጋገጠ ነው፣ መጀመሪያ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ እንቆጥራለን የሚል ነው። አንዲት ሴት ቡና አፈላችልን። ጨዋነት ነው እንጂ ደስታ አልነበረም።

ጥር 5

ቆጠራው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብራት ባለበት ቀን፣ ከቀያሹ ጋር አዲሱን ሰፈር ዞርን። 71 የተጠናቀቀ ቤት አለ። መብራት የበራበት 19። ሌላው ላይ ቁልፍ አለ፣ አንዳንዱ ዘበኛ አለው፤ ቪላዎቹ ያማሩ ናቸው። የመስቀል ቤቶች ናቸው።

ይህን የምጽፈው በክፋት አይደለም። ሰው ተወልዶ ባደገበት ቤት ቢሠራ መብቱ ነው፣ በዓመት አንዴም ቢሆን ልጆቹን ያመጣቸዋል። ነገር ግን አማካሪው የመሬት ፍላጎቱን ያሰላው ከግንባታ ፈቃድ ቁጥር ተነስቶ ነው። በየዓመቱ ይህን ያህል ፈቃድ ወጣ፣ ስለዚህ በ10 ዓመት ይህን ያህል ሄክታር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ወሰኑ ወደ ገበሬው ይገፋ። ፈቃዱ ቤት ነው እንጂ ነዋሪ አይደለም። ከዚህ ላይ በሊዝ ተወስደው የግንባታ መጀመሪያ ጊዜያቸው ያለፈ፣ ሣር የበቀለባቸው 58 ቦታዎች ከመዝገብ አወጣን። አዋጅ 721/2004 ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ በውሉ ላይ ይቀመጥ ይላል። ተቀምጧል። የተከታተለ የለም። እኛው ነን መከታተል የነበረብን።

የካቲት 3

የተሻሻለው ረቂቅ ሦስት ቦታ ተለጠፈ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ፣ መስጊዱ በር ላይ፣ መነኸሪያው ውስጥ። እርሳስ በክር አንጠልጥለን «የመሰላችሁን ጻፉበት» አልን። አምስት እርሳስ ተሰረቀ። በ12 ቀን 143 አስተያየት ተሰበሰበ። ጥቂቱ ስድብ ነው። አንዱ ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ቀስት ሰክቶ «ይህ ይነሳ» ብሏል። ጀፎሮው ላይ ደግሞ የሆነ ልጅ ሁለት ጎል ስሏል፣ ከነመረቡ።

ስልክ ቁጥሬንም ጽፌ ነበር። ይህ ስህተት ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስለ ድንበር ክርክር የሚደውል ሰው አለ፤ አሁንም ይደውላል።

የካቲት 21

ቢሮ ውስጥ ጦርነት። ማለቴ የሻይ ሰዓት ንግግር ነው፣ ግን በሩ ተዘግቶ ነበር።

አንድ ኃላፊ 96ቱ ቦታዎች ለሊዝ ቢወጡ የሚገኘውን ብር አስልተው መጥተዋል። ደመወዝ የሚከፈለው፣ ቦይ የሚቆፈረው ከዚያ ነው። «ሣር ግብር አይከፍልም» አሉ። አልሳቅኩም፣ እውነት ነውና። ትንሽ ከተማ የራሷ ገቢ ማለት መሬት ነው፣ ሌላ ብዙ የላትም።

እኔ ስለ ባህል ብናገር እንደማያዋጣ አውቄያለሁ። ባህል ሲባል ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና ያልፋል። ስለዚህ ስታንዳርዱን አወጣሁ፤ ከከተማ መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 ለግንባታ የሚለውን። የኛ ረቂቅ 30ውን አረንጓዴ ለመሙላት ከገበሬው ላይ መሬት ወስዶ መናፈሻ ሊያደርግ ነበር። ካሳ ተከፍሎ፣ ችግኝ ተገዝቶ፣ ጥበቃ ተቀጥሮ። «ወደ 4.5 ሄክታር ክፍት ቦታ አለን» አልኩ፣ «ካሳ የለው፣ ጥበቃ የለው፣ ሣሩን ከብት ያጭደዋል።» ከዚያ የ58ቱን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከነዚህ ውስጥ ግማሹ እንኳ ለማዘጋጃ ቤቱ ቢመለስ ለሊዝ የሚወጣ ቦታ አለ፣ አንድም ገበሬ ሳይነካ።

ኃላፊው ዝርዝሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የማን ስም እንዳለ አልጽፍም። «እስቲ ይህን እኔ ጋ ተይው» አሉ።

ፎቶ ኮፒ ነበረኝ።

መጋቢት 14

ምክር ቤቱ ፊት ቀረበ። የወጣው እንዲህ ነው። ጀፎሮው ከላይኛው ጫፍ 900 ሜትሩ እንዳለ ይቀራል፣ በካርታው ላይ የራሱ ስምና የራሱ ቀለም ይኖረዋል፣ ማንም ቦታ ሊሰጥበት አይችልም። የታችኛው 400 ሜትር በአንድ ጎን 10 ሜትር መንገድና የተነጠፈ የጎርፍ ቦይ ይገባበታል፣ ሌላው ሣር ሆኖ ይቆያል። ሽማግሌዎቹ የታችኛውን አልወደዱትም። እኔም ሙሉ በሙሉ አልወደድኩትም። ግን ያን ወገብ የሚያህል ቦይ ያየ ሰው እንዲሁ ተዉት አይልም፤ ማድ ቤታቸው የሚጥለቀለቀው እናትም ድምፅ አላቸው።

በአዲሱ ሰፈር በየ150 ቤቱ አንድ ክፍት ሜዳ ተጨምሯል። ረቂቁ ላይ «የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍት ቦታ» ይባላል። ሰዉ የድንኳን ሜዳ ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው። የመንገድ መብራት ጀፎሮው ዳር በመጀመሪያው ሦስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ከ10 በ20 ሌላ 10 በ30 የሆነ የቦታ ዓይነት ተጨምሯል፣ ጓሮው ለእንሰት እንዲበቃ፤ ይበቃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ እናቶቹ አይበቃም ይላሉ።

የኪራይ ቤት አልተሳካም። አንድ አንቀጽ አለ፣ «ይበረታታል» የሚል። «ይበረታታል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ምግብ ቤት ስሄድ ልጅቷን አየኋት፣ ምን ሆነ አላለችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሽሮ አመጣችልኝ።

ወሰኑ ወደ ምሥራቅ አልተገፋም፣ ለአምስት ዓመት ታግዷል። ከ40ዎቹ ቤተሰቦች ዘንድ ሄጄ ስነግራቸው ያ ጎልማሳ «ከአምስት ዓመት በኋላስ?» አለ። ችግኞቹ ጸድቀዋል።

መጋቢት 29

ችካል ሥራ ተጀመረ። ፕላኑ ገና በበላይ አካል ይታያል፣ ግን የጀፎሮውን ዳር ችካል ለመትከል የማንም ፈቃድ አያስፈልግም ብለን ጀመርን። በየ50 ሜትሩ አንድ የሲሚንቶ ችካል፣ በግራና በቀኝ። ሽማግሌዎቹ ቦታውን ያሳያሉ፣ ቀያሹ ያነባል፣ ልጆቹ ሲሚንቶ ያቦካሉ፤ ማን ጠርቷቸው እንደሆነ አላውቅም።

ከላይ ጀምረን እስከ አሥር ሰዓት 22 ችካል ተከልን። ቀጣዩ የሚያርፈው የገበያው አባት አጥር ውስጥ ነው፣ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፎቹ መሃል። ቆመን አየነው። እሳቸውም በር ላይ ቆመው አዩን።

«ዛሬ መሽቷል» አሉ።

አልመሸም ነበር። ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዘናል። መጥረቢያ እኛ እንድናመጣ፣ ቡናው ከሳቸው።